በአንድ መስታወት ሁለት ጌታ፦ ስለ ትላልቅ አዳኝ ዓሦች ጠብ

ትላልቅ አዳኝ ዓሦችን በቤቱ የሚያኖር ሰው ይዋል ይደር እንጂ የሚገጥመው ጠዋት አለ። ለወራት ተስማምተው ከኖሩት ሁለት ዓሦች አንዱ ክንፉ ተቦጫጭቆ፣ ቅርፊቱ ተልጦ ከማሞቂያው ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል፤ ሌላው የገንዳውን መሐል ይዞ ይንጎራደዳል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያወጣው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «አመለ ክፉ» የሚል ነው። በጉዳዩ ላይ የተጻፈውንና አርቢዎች በልምድ ያካበቱትን አንድ ላይ አድርጎ ለተመለከተ ግን አመል የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ቦታ ነው፤ በተለይም ተሸናፊው የሚሸሽበት ቦታ።

አስቀድሞ መብላትንና መጣላትን መለየት ያስፈልጋል። የአማዞኑ ቀይ ጅራት ካትፊሽ በልጅነቱ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ለዓይን የሚማርክ ዓሣ ነው። ሲያድግ ግን ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ አፉም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ዓሣ ሌሊት ጎረቤቱን ቢውጥ የተቆጣው ነገር የለም፤ እራቱን በላ እንጂ። ክንፉን አልዘረጋም፣ ቀለሙን አልቀየረም፣ አላስፈራራም። ይህን ለመከላከል ልዩ ጥበብ አያሻም፤ ከሌላው አፍ የሚገባ ዓሣ አብሮ አይቀመጥም፣ በቃ። የአዳኝ ዓሣ አፍ ተዘግቶ ሲታይ ከሚገመተው በላይ እንደሚከፈት ማስታወስ ብቻ ይበቃል። ጠብ ሌላ ነው፤ ሊበሉት በማይችሉት፣ ብዙ ጊዜም በመልክም በመጠንም በሚመስላቸው ዓሣ ላይ የሚነሡበት ነው። ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

የዚህ ጠብ ዋና ባለቤቶች ሲክሊድ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቤተሰቡ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ የሚጠመደው ቆሮሶ የዚሁ ዘር ነው። ወንዱ ቆሮሶ በመራቢያው ወቅት ጥልቀት በሌለው ውሃ ወለሉን በአፉ እየቆፈረ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል፤ የሚጠጋውን ሌላ ወንድም ያባርራል። በቤት ገንዳ የታወቁት የአሜሪካ ዘመዶቹ ደግሞ ይብሳሉ። ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚያልፈው የአማዞኑ ኦስካር፣ የኒካራጓ ሐይቆች ተወላጅ የሆነው ማይዳስና ቅርብ ዘመዱ «ቀይ ሰይጣን»፣ ባለ ነጠብጣቡ ጃጓር፣ በተፈጥሮ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊደርስ የሚችለው ዶቪ፣ በሰው እጅ ተዳቅሎ የወጣው ግንባረ ትልቁ ፍላወርሆርን ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። በአብዛኞቹ ዘንድ እናትና አባት አንድ ላይ ሆነው እንቁላላቸውንና ጫጩቶቻቸውን ለሳምንታት ይጠብቃሉ። የጠበኝነታቸው ምንጭ እዚህ ላይ ነው። በሐይቅ ውስጥ ድንጋዩን ማስከበር ያልቻለ ዓሣ ዘር አይተካም።

ስለ ዓሦች ጠብ በሰፊው ከተነበቡት ጸሐፊዎች ቀዳሚው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ጠበኝነት ባሳተመው መጽሐፉ ትንታኔውን የጀመረው ከኮራል ዓሦች ነበር። ጠበኝነት እንደ ረሃብ ከውስጥ እየተጠራቀመ መውጫ የሚፈልግ ግፊት ነው ይል ነበር። ለዚህ ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ እስከ ዛሬ አርቢዎችን ያነጋግራል። የተጣመሩ ሲክሊዶች ከሌሎች ተለይተው ብቻቸውን ሲቀመጡ ወንዱ በሴቷ ላይ ይነሣል። ገንዳው በመስታወት ተከፍሎ ከማዶ ሌላ ጥንድ ሲገባ ግን ወንዶቹ ቁጣቸውን በመስታወቱ ላይ ይወጡታል፤ በየቤታቸውም ሰላም ይሆናል። መስታወቱ አልጌ ይዞት ሲደበዝዝ ባልና ሚስት እንደገና ይጣላሉ፤ ሲወለወል ይታረቃሉ።

የተጠራቀመ ግፊት የሚለው ሐሳብ በኋላ ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ ዛሬ በዚያ መልኩ ይዞት የሚከራከር የባሕርይ ተመራማሪ ማግኘት ያስቸግራል። የታየው ነገር ግን ከማብራሪያው ጋር አብሮ አልወደቀም። ትላልቅ ሲክሊዶችን የሚያራቡ ሰዎች ከማዶ የሚታይ «ጠላት» ያስቀምጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሠራላቸዋል። ሎሬንዝ ያየውን በትክክል አይቶ የተረጎመውን ያጋነነ ይመስለኛል።

ዓሦች ለምን ይጣላሉ ለሚለው ጥያቄ ሁለተኛው መልስ ከዓሣው ውስጥ ወጥቶ ወደ ገንዳው ይመለከታል። በአሜሪካ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሮናልድ ኦልድፊልድ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣት ማይዳሶችን በተለያየ መጠን ባላቸው ገንዳዎች እያኖረ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ጠቡ ጎልቶ የቀነሰው 100 ጋሎን ማለትም 380 ሊትር ገደማ በሚይዘው፣ መሸሸጊያ በበዛበት ገንዳ ነበር። የዓሦቹን ቁጥር መጨመርና መቀነስ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ልብ ማለት የሚያስፈልገው 380 ሊትር ብዙ የቤት አርቢዎች ካላቸው ገንዳ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን ነው፤ እዚያ ውስጥ የነበሩት ደግሞ ገና ያላደጉ ዓሦች ናቸው። አርባና ስልሳ ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ድንጋይ ቢጨመር፣ ድንጋይ ቢነሣ ለውጡ ለዓሣው ሳይሆን ለባለቤቱ ዓይን ነው።

ስለ ስፋት ሲነሣ ቁም ነገሩ ወለሉ ነው። ሲክሊድ የሚከራከርበት ይዞታ ከታች ያለው ድንጋይና ጠጠር ነው፤ ስለዚህ ረጅምና ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ የቆመ ገንዳ የሊትሩ ቁጥር ቢያምርም ለጠብ መፍትሔ አይሆንም። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ገንዳ ውስጥ እንደ ልቡ መዞር እንኳ ይቸገራል። ለትልቅ ሲክሊድ 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወለል ቢገኝ መልካም ነው። ቁመቱም 60 ከሆነ ወደ 650 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ያም ማለት ውሃው ብቻ 650 ኪሎ ይመዝናል። መስታወቱ፣ ድንጋዩና መቆሚያው ሲጨመር ክብደቱ ወደ ቶን ይጠጋል። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ከማስገባቱ በፊት ስለ ሕንፃው ወለል የሚያውቅ ባለሙያ ቢያማክር አይቆጭም።

አሁን ጠቡን ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ወዲያው አይናከሱም። መጀመሪያ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የጀርባና የሆድ ክንፋቸውን እስከ ጫፍ ይዘረጋሉ፤ በጎናቸው ያለው ጥቁር መስመር ይደምቃል ወይም ይጠፋል። ከዚያ አንዱ ጅራቱን ወደ ሌላው ይመታል። አይነካውም፤ የገፋው ውሃ ግን ጎኑን ይመታዋል፣ የጉልበቱንም ልክ ይነግረዋል። ፊት ለፊት ዞረው የስንጥባቸውን ክዳን ይነፋሉ፤ አሁንም ካልተላቀቁ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይጓተታሉ። ማግነስ ኤንክዊስትና ኦሎፍ ሌይማር የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ ይህ ሁሉ መመዛዘን ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ስለ ተቃራኒው ጉልበት የበለጠ መረጃ ይሰጣል። የመጠን ልዩነታቸው ሰፊ ሲሆን ነገሩ በማሳያው ያልቃል፤ የሚመጣጠኑ ሲሆኑ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ከዚህ የሚወጣው ምክር ብዙ ጀማሪዎች ከሚያደርጉት ተቃራኒ ነው። «እኩል ከሆኑ አይበዳደሉም» ተብሎ አንድ መጠን ያላቸው ሁለት ጃጓሮች ይገዛሉ፤ በዚህ ዓይነት የሚገዛው ረጅም ጦርነት ነው።

ተሸናፊው የሚያደርገው ነገርም የታወቀ ነው። ክንፉን ያጥፋል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ይሸሻል። በሐይቅ ውስጥ ጥቂት ሜትር ከራቀ ነገሩ ተዘጋ፤ አሸናፊው ጎጆውን ጥሎ አይከተለውም። በገንዳ ውስጥ ግን ጥቂት ሜትር የሚባል ነገር የለም። እጁን የሰጠው ዓሣ አሁንም ከአሸናፊው ዓይን ስር፣ አሁንም ከይዞታው ውስጥ ነው። አሸናፊው በደመ ነፍሱ «ይህ ዓሣ አልሄደም» ብሎ ይቆጥራልና እንደገና ይመታዋል። ቤት ውስጥ ዓሦች ለሞት የሚዳረጉት በአብዛኛው እንዲህ ነው። ከላይ ጥግ ይዞ፣ ከማሞቂያው ወይም ከፊልተሩ ቱቦ ጀርባ ተጣብቆ የሚውል ዓሣ ያየ ሰው «ዛሬስ ተረጋግተዋል» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው የምርምር መስመር ስለ ማዕረግ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው ይህ ነው። የስታንፎርዱ ራስል ፈርናልድና ባልደረቦቹ በታንጋኒካ ሐይቅ አካባቢ የሚኖር በርቶኒ የተባለ ትንሽ ሲክሊድ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የገንዳውን ገዢ ወንድ በጨለማ አወጡት። መብራቱ ሲበራ ሥልጣኑ መለቀቁን ያየው የበታች ወንድ በደቂቃዎች ውስጥ ደማቅ ቀለም አወጣ፣ ሌሎችንም ማሳደድ ጀመረ። በአንጎሉ ውስጥም ከመራባት ጋር የተያያዘ የዘረ መል እንቅስቃሴ ታየ። በ2007 ደግሞ ዓሦቹ የሌሎችን ጠብ ከዳር ሆነው በማየት ብቻ ማን ከማን እንደሚበልጥ እንደሚለዩ አሳዩ። ሀ ለን፣ ለ ሐን ሲያሸንፍ ያየ ዓሣ፣ ሀ እና ሐ ሲጣሉ ባያይም ሀ እንደሚበልጥ ይገባዋል።

በርቶኒ ትንሽ ዓሣ ነው፤ ያየነውን ሁሉ ቀጥታ በዶቪ ላይ መጫን አይገባም። ሆኖም ብዙ አርቢ በራሱ ገንዳ የሚያየውን ነገር ያብራራል። ጉልበተኛውን አውጥቶ ለሌላ የሰጠ ሰው ዕረፍት አገኘሁ ሲል፣ ትናንት ሲደበደብ የነበረው ሁለተኛው ዓሣ በማግስቱ የባሰ ጉልበተኛ ሆኖ ይነሣል። ወንበሩ እንዳለ ነው፤ የተቀየረው ተቀማጩ ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ጉልበተኛውን ለተወሰነ ጊዜ ለይተው፣ ድንጋዩን ሁሉ አዘዋውረው፣ በመጨረሻ እንደ አዲስ መጤ የሚመልሱት። በቦታው ቀድሞ መኖር በራሱ ጉልበት ነው፤ የድንጋዩ አቀማመጥ ሲቀየር ያ ጉልበት ለጊዜው ከሁሉም ይወሰዳል። አዲስ ዓሣ ሲገባም ዘዴው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ማዘዋወር፣ መብራት ማጥፋት፣ ከዚያ ማስገባት። መረጋጋቱ ዘላቂ እንዲሆን ደግሞ ዓሣ ከዓሣ የማይተያይበት ግርዶሽ ያስፈልጋል። ዋሻ ብቻ አይበቃም፤ አንድ መግቢያ ያለው ዋሻ ለተሸናፊው ወጥመድ ነው። መግቢያና መውጫ ያለው፣ ቁመቱ እስከ ገንዳው አጋማሽ የሚደርስ የድንጋይ ወይም የግንድ ግድግዳ ይሻላል።

ቀለምም ቦታ አለው። በበርክሌይ ለአሥርተ ዓመታት ማይዳስን ያጠናው ጆርጅ ባርሎ ወርቃማ ቀለም ያላቸው ማይዳሶች መጠናቸው እኩል ከሆነው ግራጫ ወንድሞቻቸው ላይ የበላይነት እንደሚይዙ አሳይቷል። በሐይቃቸው ወርቃማዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ በገበያ ግን ሰው የሚመርጠው እነሱን ነው።

አርቢዎች በጣም የሚከራከሩበት ዘዴ ማጨናነቅ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ብዙ ዓሣ ካለ ማንም ይዞታ ሊያስከብር አይችልም፣ ዱላውም በአንዱ ላይ ብቻ አይወርድም። ለማላዊ ሐይቅ ትናንሽ ሲክሊዶች ይህ በብዙዎች የተመሰከረ መንገድ ነው። ለትላልቆቹ ግን እኔ አልመክረውም። ሥጋ በል የሆነ ትልቅ ዓሣ ብዙ ፕሮቲን ይበላል፤ ከዚያ የሚወጣው አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥላል። አሞኒያውን የሚያስወግዱት በፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ኦክስጅን ያለማቋረጥ ካልደረሳቸው ይሞታሉ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ነገሩ እጥፍ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ በተጨናነቀ ገንዳ ውስጥ መጀመሪያ የሚሞቱት ትላልቆቹ ናቸው። የጠቡን ሒሳብ በማጨናነቅ አዘጋለሁ ያለ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴትዮ ይሆናል።

ስለ ሙቀት ከተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በዜብራ መሰሉ ኮንቪክት ሲክሊድ ላይ የተደረገ ጥናት ውሃው ከ26 ወደ 30 ዲግሪ ሲያድግ ጠበኝነት እንደሚጨምር አሳይቷል። ማሞቂያውን 25 ወይም 26 ላይ ማቆየት ወጪ የሌለው እርምጃ ነው። ማሞቂያው መሸፈኛ ይኑረው፤ ተባራሪ ዓሣ የማሞቂያውን መስታወት ሰብሮ ራሱንም ባለቤቱንም ለኤሌክትሪክ አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

በምግብ ላይ ብዙ የሚወራ ነገር አለ። ሕይወት ያለው ዓሣ የሚበላ ዓሣ «ደም ይለምዳል» የሚለው ሲደጋገም ይሰማል፤ መብላትና መጣላት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና አያሳምነኝም። ይህን ማለቴ ግን ሕያው ዓሣ ይመገብ ማለት አይደለም። የወርቅ ዓሣ ሥጋ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው፤ ከገበያ የሚመጣ ሕያው ዓሣም በሽታ ይዞ ይገባል። ጥሩ ደረቅ መኖ፣ የዓሣ ሥጋና ሽሪምፕ ይበቃል። ምግቡን በአንድ ጊዜ በሁለት ጥግ መጣል በምግብ ሰዓት የሚነሣውን ግርግር ያበርደዋል።

የመራቢያው ወቅት ከሁሉም የከፋ ነው። ዶቪ ወይም ማይዳስ ወንድ ለመውለድ ያልተዘጋጀች ሴት ካገኘ ሊገድላት ይችላል፤ ብዙዎች ያጡት በዚህ ነው። አስተማማኙ ዘዴ ገንዳውን ለሁለት ከፍሎ ሴቷ ብቻ የምታልፍበት ቀዳዳ መተው ነው፤ ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ስትሰጋ ትመለሳለች። ሌሎች ደግሞ ጭራሽ አያገናኟቸውም። ክፍተት ባለው የፕላስቲክ መከፋፈያ በኩል እንቁላሉን አጠገቡ ስትጥል ወንዱ ከማዶ ሆኖ ያዳብረዋል።

ከሲክሊድ ውጭ ያሉት አዳኞች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፒራኛ በስሙ የሚፈራውን ያህል ጀግና አይደለም። አን ማጉራንና ኤልደር ኬይሮስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ፒራኛ መንጋ የሚሠራው አብሮ ለማደን ሳይሆን እንዳይበላ ፈርቶ መሆኑን ያመለክታል። ሁለትና ሦስት ሆኖ የሚቀመጥ ፒራኛ ስለሚጨነቅ እርስ በርሱ ይነካከሳል። የእስያ አሮዋና በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባሪ አንድ ላይ የሰፈረ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር የማይሻገር ዓሣ ነው፤ ከመሰሉ ጋር ሲቀመጥም ይጣላል። በባሮና በኦሞ ተፋሰስ የሚገኘው፣ ቅርፊቱ እንደ ጋሻ የጠነከረው ፖሊፕቴረስ ግን ከታች ተጋድሞ የሚውል ጭምት ነው። አፉ ከማይችለው ዓሣ ጋር ይስማማል፤ ከአንድ ኦስካር ጋር ሌላ ዓሣ ማኖር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጎረቤት አላውቅም።

ፍርዴን ልናገር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የዚህ ነገር ሥሩ ደግሞ ግዢው ላይ ነው። ከ500 ሊትር በታች ገንዳ ላለው ሰው ትክክለኛው የትላልቅ ሲክሊዶች ቁጥር አንድ ነው። ብቻውን የሚኖር ኦስካር ባለቤቱን ለይቶ የሚያውቅ፣ ጠጠሩን እንደ ፈቃዱ የሚያዘዋውር፣ ምግብ ሲዘገይበት መስታወቱ ጋ መጥቶ የሚቆም ዓሣ ነው፤ ጎረቤት አጣሁ ብሎ የሚታመም አይደለም። ሁለት አዳኝ ማኖር የቆረጠ ሰው ገንዳውን ከመግዛቱ በፊት መከፋፈያውንና ሁለተኛውን ገንዳ ያዘጋጅ።

ቀሪው ጥያቄ ያልተስማማው ዓሣ የት ይሂድ የሚል ነው። ለሻጩ መመለስ ወይም ለሌላ አርቢ መስጠት ይቻላል። ወንዝና ሐይቅ ግን መልስ አይደሉም። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በፓናማ ከኩሬ ያመለጠ ፒኮክ ባስ የተባለ አዳኝ ዓሣ ጋቱን ሐይቅ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሐይቁን አብዛኞቹን የተለመዱ ዓሦች አጥፍቷል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰዎች ያስገቡት ናይል ፐርች በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ትናንሽ ሲክሊዶችን በብዛት እንዳጠፋ የታወቀ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ውሃ ለኦስካርም ለጃጓርም የሚስማማ ሙቀት አለው። እባካችሁ፣ የቤታችሁ ጉልበተኛ ቢያስቸግራችሁም አዋሽም ሆነ ሐዋሳ አትልቀቁት።